ወርቁን ሲነግሯችሁ ሰሙን ጠይቁ

አጎቴ ማታ ማታ ራዲዮ የሚሰሙት ጋቢ ተከናንበው ነበር። አንቴናው ስለተሰበረ ሽቦ አስረው በመስኮት አውጥተው ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አያይዘውታል። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ማታ እንደገና ትንሽ ይናገራል። እኛ ልጆቹ ከምድጃው ማዶ ተቀምጠን የሚደርሰን ከንግግሩ ይልቅ ፉጨቱ ነው። አጭር ሞገድ የሰማ ያውቀዋል፤ ድምፁ እየራቀ ይመጣል፣ እየመጣ ይርቃል። ገና ምን እንደሚል ሳይገባን ሚስጥር የሚነገረን ይመስለን ነበር።

ዛሬ አጎቴ ስልክ ይዘዋል። ልጆቻቸው ቴሌግራም ጭነውላቸዋል። ጋቢው አልተለወጠም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩን ጆሯቸው ሥር ወሽቀው የማናውቀውን ሰው ይሰማሉ። ሰውየው ይጮኻል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል፣ «ይህን ደፍሮ የሚነግራችሁ የለም» ይላል። በማግሥቱ ቡና ላይ ወሬው ይደርሰናል።

አጎቴ ሞኝ አይደሉም። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ብልህነታቸው ነው፤ የሴራ ወሬ አጥብቆ የሚይዘው የተደበቀ ነገር መፈልፈል የሚወድ ሰው ነውና። ጎጃም ደግሞ የሰምና ወርቅ አገር ነው። ላይ ላዩን ከሚሰማው ሥር ሌላ ነገር መፈለግን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው። ይህ በረከት ነው፣ በጭራሽ አላፍርበትም። ግን ያው ቅኔ ቤት ሌላም ነገር ያስተምራል። ተማሪው ቅኔውን ይዞ የኔታ ፊት ለነገራ ሲቀርብ «ወርቁ ይህ ነው» ስላለ ብቻ አያልፍም። ግሱ መጠበቅ አለበት። ሰሙ በራሱ እግር መቆም አለበት። ሰምና ወርቁን የሚያገናኘው ቃል መኖር አለበት። ከሌለ የኔታ አቋርጠው ይመልሱታል፤ ደበሎውን ለብሶ እንደገና ሲቆጥር ያድራል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን የነገራ ደንብ ወደ ራዲዮና ወደ ስልክ ማምጣት ነው። ለመለማመጃ አንድ ሰው መርጫለሁ። ሩቅ ሰው ነው፣ አሜሪካዊ ነው፣ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የራሳችንን ሰው ባነሣ ዘዴውን ሳንማር በፖለቲካው እንጣላለን።

ሰውየው ማን ነው

ሚልተን ዊልያም ኩፐር ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቢል ኩፐር በሚለው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ ተወለደ። አባቱ የአየር ኃይል ሰው ነበር። እሱም መጀመሪያ አየር ኃይል ገባ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ኃይል ተዛወረ፣ ቬትናም ውስጥ በወንዝ ላይ ቃኚ ጀልባዎች አገለገለ፣ በ1975 ተሰናበተ። እስከዚህ ድረስ ያለው እውነት ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ሌላ ነገር ይዞ ብቅ አለ። ሃዋይ ባሕር ኃይል ውስጥ ሳለሁ የአድሚራሉን ሚስጥራዊ ሰነዶች አንብቤአለሁ አለ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር ውል ተፈራርሟል አለ። ኬኔዲን የገደለው የራሱ መኪና ነጂ ነው አለ። ኤድስ ሰው ሆን ብሎ የሠራው በሽታ ነው አለ። እነዚህን ሁሉ በ1991 በመጽሐፍ አወጣቸው፤ መጽሐፉ እስር ቤት ውስጥ ሳይቀር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ። ከዚያም አሪዞና ውስጥ ኢገር በምትባል ትንሽ ከተማ ኮረብታ ላይ ካለው ቤቱ ሆኖ፣ ቴነሲ ባለ የአጭር ሞገድ ጣቢያ በኩል የሌሊት ፕሮግራም ጀመረ። እስኪሞት ድረስ አልተወውም።

አሟሟቱን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ፤ ለብቻው ትምህርት ስላለው።

መጀመሪያ ድምፁን አውጡለት

የኩፐር ፕሮግራም የሚጀምረው በቃል አይደለም። የአየር ጥቃት ሳይረን ይጮኻል። ውሾች ይጮኻሉ። የወታደር ኮቴ ይሰማል። ያኔ ነው እሱ በዚያ ወፍራም ድምፁ የሚገባው። አስቡት እስቲ፦ ሌሊት ነው፣ ሰውየው ብቻውን መኪና እየነዳ ነው ወይም ማሳ መካከል ባለ ቤት ብቻውን ተቀምጧል፤ አንድም ማስረጃ ከመቅረቡ በፊት ልቡ መምታት ጀምሯል።

የእኛዎቹም ይህን ያውቁበታል። ከንግግሩ ሥር የሚያስለቅስ ማሲንቆ ያስገባሉ፣ ወይም የዋሽንት እንጉርጉሮ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ሰበር» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይለጥፋሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የሰማችሁትን ነገር ያለ ሙዚቃው፣ ያለ ለቅሶው፣ ያለ ስድቡ ጻፉት። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ አደረገ? አራት ነገር ብቻ። እኔ ባለ 50 ሉክ ደብተር ለዚሁ ብቻ መድቤአለሁ። የአንድ ሰዓት ላይቭ ሰምቼ ስጨርስ ብዙ ጊዜ ደብተሩ ላይ የሚቀረኝ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ ከሦስቱም አንዱ ላይ «የት» የሚለው ባዶ ነው፣ ሌላው ላይ «መቼ» የሚለው ባዶ ነው። ሞክሩት። ደግሞ የምትጽፉት ማታ ከሆነ የምታነቡት ጠዋት ይሁን። ማታ ያስደነገጠ ነገር ጠዋት ቁርስ ላይ ሲነበብ መልኩ ይለወጣል።

ያየውን ከሰማው ለዩ

ኩፐር ቬትናም መዋጋቱ እውነት ነው ብያለሁ። ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። አድማጩ «ይህ ሰው እኮ ወታደር ነበር፣ ያውቃል» ይላል፤ ወታደርነቱን ካመነ በኋላ የሌላ ዓለም ፍጡራኑንም በዚያው አብሮ ይቀበላል። ጀልባ ላይ ማገልገሉ የሚመሰክረው ስለ ጀልባው ነው። ሚስጥራዊ ሰነድ አነበብኩ ለማለት ሰነዱ ያስፈልጋል፣ ወይም አብሮ ያነበበ ሌላ ሰው። ኩፐር ሰነዱን አንድም ቀን አላሳየም።

እዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ ያው ነው። «የውስጥ አዋቂ ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ይህን በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰው ነገረህ? ሰው ከነገረህ፣ እሱስ አይቶ ነው? ብዙ ወሬ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። አያቶቻችን በሸንጎ ምስክር ሲያቆሙ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በወሬ የሚመሰክር ሰው ምስክር አይባልም ነበር።

የቅጂ ቅጂ አትመልከቱ

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን እሱ ይመስለኛል።

ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደለው ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ነው። አንድ ተመልካች በእጅ ካሜራ ቀርጾታል። ኩፐር ያንን ፊልም በየአዳራሹ እየዞረ ያሳይ ነበር፤ «እዩት፣ ነጂው ዞሮ ሽጉጥ አውጥቶ ሲተኩስ» ይላል። ሰውም ያያል! እጅግ ብዙ ሰው አየሁ ብሎ ምሏል። ግን ኩፐር የሚያሳየው ካሴት የቅጂ ቅጂ ቅጂ ነው፤ ምስሉ ደብዝዞ ጨለማና ብርሃን ብቻ ቀርቷል። ጥራት ያለውን ቅጂ ላየው ሰው ሽጉጥ የሚባል ነገር የለም። ነጂው ሁለት እጁን ከመሪው አላነሣም። «ሽጉጥ» የተባለው ከጎኑ የተቀመጠው ጠባቂ ፀጉር ላይ ያረፈ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው።

ምስል ሲደበዝዝ ዓይናችን የነገሩንን ይሞላበታል። ድምፅም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በቴሌግራም የመጣ ቪዲዮ ስታዩ፣ ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ጥጉ የተቆረጠ፣ ምስሉ የፈራረሰ ከሆነ ምንም ከማለታችሁ በፊት ዋናውን ፈልጉ። ከቪዲዮው ላይ አንዱን ምስል ስክሪንሾት አንሱና በጉግል ሌንስ አስፈልጉት። ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተቀረጸ ሆኖ ይገኛል። ሰዎቹ የሚናገሩትን ቋንቋ ስሙ። የመኪናውን ታርጋ፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የዛፉን ዓይነት እዩ። «ትናንት ቡሬ» ተብሎ የተላከ ቪዲዮ ላይ መሬቱ የበረሃ አሸዋ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ክረምት ነው ተብሎ ሰማዩ ወለል ያለ ሰማያዊ፣ ሣሩ የደረቀ ከሆነም እንደዚያው። የጎጃምን ክረምት እኛ ካላወቅነው ማን ሊያውቀው ነው?

የሳተውንም ቁጠሩ

የኩፐር ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚያነሡት አንድ ነገር አለ። ጁን 28 ቀን 2001 በፕሮግራሙ ላይ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጥቃት ሊደርስ ነው፣ በኦሳማ ቢን ላደን ያመካኛሉ፣ እንዳታምኑ አለ። ከ11 ሳምንት በኋላ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደረሰ። «ነቢይ ነበር» የሚሉት ለዚህ ነው።

እስቲ በእርጋታ እንየው። የዓለም ንግድ ማዕከል በ1993 አንድ ጊዜ በቦምብ ተመትቶ ነበር። ቢን ላደን በኦገስት 1998 ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉትን የአሜሪካ ኤምባሲዎች አስመትቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። በ2000 የአሜሪካ የጦር መርከብ የመን ወደብ ላይ ተመታ። በ2001 ክረምት ቢን ላደን ሌላ ጥቃት ሊያደርስ ይችላል ማለት ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው የሚጠበቅ ነበር። ሐምሌ ላይ ማታ ማታ «ነገ ይዘንባል» የሚል ሰው ብዙ ቀን ይሳካለታል።

ዋናው ደግሞ ሌላው ዝርዝር ነው። ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን ዓመታት ሲሰብክ ኖሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁሉም ውሸት ነበር፣ መንግሥት ሆን ብሎ አሳስቶኝ ነው አለ። አያችሁ አካሄዱን? ስህተቱ ራሱ ለሚቀጥለው ሴራ ማስረጃ ሆነ። ሲገባ ማስረጃ፣ ሲወጣ ማስረጃ። በየትኛውም መንገድ ተሳስቻለሁ ሊል የማይችል ሰው ሲገጥማችሁ ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፉት።

ዘዴው ይህ ነው፦ ለአንድ ተናጋሪ አንድ ገጽ ስጡ። በግራ በኩል የተናገረውንና የተናገረበትን ቀን፣ በቀኝ በኩል የሆነውን ጻፉ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ይሆናል» ካለ ሁለት ሳምንቱን ጠብቁና ቀኙን ሙሉት። ሦስት ወር ብትይዙ ይበቃል። እኔ ለአጎቴ የማሳያቸው ይህንኑ ገጽ ነው፤ እኔ ስከራከራቸው የማይሰሙኝ ሰው ገጹን ሲያዩ ዝም ብለው ያነቡታል።

ጣቱ ወደ ማን ነው?

ኩፐር በመጽሐፉ ውስጥ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮሎች» የሚባለውን ጽሑፍ ሙሉውን አትሞታል። ይህ ጽሑፍ በ1903 ሩሲያ ውስጥ የወጣ፣ አይሁድ ዓለምን ሊገዙ ዶልተዋል የሚል ፈጠራ ነው። የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 ከየት እንደተገለበጠ ገጽ ከገጽ እያመሳከረ አጋልጦታል፤ ስለ ሌላ ጉዳይ በ1864 ከታተመ የፈረንሳይ መጽሐፍ የተሰረቀ ነበር። ይህ ሁሉ ከ70 ዓመት በፊት ተነግሮ እያለ ኩፐር አተመው፤ «አይሁድ» የሚለውን «ኢሉሚናቲ» (ዓለምን በስውር ይገዛል የሚባል ማኅበር) ብላችሁ አንብቡት አለ። ስሙን ለወጠው እንጂ መርዙን አላወጣውም።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን ሰው፣ ድስታችንን የምትሠራውን ሴት ቡዳ ናቸው እያልን ስንት ዘመን አራቅናቸው? ልጅ ሲታመም ጣታችን ወደ እነሱ ይሄዳል። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። በጎጃም ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ቁስል ዛሬም አለ፤ ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ወሬው አደረገ የተባለውን ሰው በስም መጥራት ትቶ ወደ አንድ ሕዝብ፣ ወደ አንድ ሃይማኖት፣ ወደ አንድ ሙያ ጣቱን ካዞረ እዚያው አቁሙት። አትላኩት። «ለጥንቃቄ ነው» ተብሎም አይላክም።

ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ለምርምር ትምህርት ቤት የሄዱ የጤና ተመራማሪዎች ልጆቻችንን መርዝ ሊወጉ ነው በሚል ወሬ ተከበቡ። ሁለቱ ተገደሉ። የገደሏቸው ክፉ ሆነው የተፈጠሩ ሰዎች አይመስሉኝም፤ ልጆቻቸውን ለማዳን የሮጡ ወላጆች ናቸው። ያን ቀን አንድ ሰው ቆሞ «መርዝ የተወጋው ልጅ ስሙ ማን ነው? ቤቱ የት ነው? ሄደን እንየው» ቢል ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የተማሩ ልጆቻችን ነበሩ። እናት ነበራቸው።

የኩፐርም ወሬ ባሕር ተሻግሯል። በ2000 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትር ስለ ኤድስ ያለውን የመጽሐፉን ምዕራፍ ለክልል የጤና ኃላፊዎች በትነውት ነበር። የዚያ አገር መንግሥት በእነዚያ ዓመታት በኤድስ ሳይንስ ላይ ባሳየው ጥርጣሬ የተነሣ መድኃኒቱን አዘገየ፤ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በዚህ የተነሣ ከ330,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ገምተዋል። ይህን ሁሉ ኩፐር አደረገው አልልም። ጥርጣሬው ብዙ አባት ነበረው። ግን አሪዞና ኮረብታ ላይ የተነገረ ወሬ አፍሪካ ውስጥ ሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ልብ በሉ።

እውነተኛ ሴራ ምን ይመስላል

አጎቴ «መንግሥት አይዋሽም ልትለኝ ነው?» ይሉኛል። አልልም። ይዋሻል። በ1966 ዓ.ም. የነበረውን የወሎ ረሃብ ደብቀውት የለ? ሰው በየመንገዱ እየረገፈ ነገሩ በደንብ የተሰማው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም ቀርጾ ካሳየ በኋላ ነው። አሜሪካኖቹም ቱስኬጊ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር የቂጥኝ ሕሙማንን መድኃኒት ከልክለው ሲያጠኗቸው ኖረዋል።

የጎጃም ገበሬም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ሲመጣ ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ጠርጥሮ ተነሣ። ተደበደበ፣ አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ ግን መንግሥት ራሱ አፈገፈገ፣ አገረ ገዥውም ተነሡ። አባቶቻችን የጠረጠሩት ዝም ብለው አልነበረም፤ የታተመ አዋጅ ነበረ፣ ሌላ አገር መሬት ተለክቶ የሆነውን ሰምተው ነበር።

እነዚህን ከኩፐር ወሬ ጋር አስተያዩዋቸው። ቱስኬጊ ሲጋለጥ ሰነድ ቀረበ፣ ከውስጥ የተናገረ ሰው ስሙ ታወቀ፣ በሕይወት ያሉ ተጎጂዎች ቀርበው መሰከሩ። የወሎው ሲጋለጥ ፊልሙ ነበረ፣ ቦታው ነበረ። እውነተኛ ሴራ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፦ እነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ደበቁ። የሐሰቱ ግን ዓለምን ሁሉ ያካልላል፤ የሚያዝበት እጀታ የለውም።

ቡና ላይ እንዴት እንነጋገር

እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት አትሥሩ። ሰው ፊት «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ውሸት ነው» አልኳቸው። ጎረቤት ተቀምጧል። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የሰሙትን አልነገሩኝም፤ መስማቱን ግን አልተዉም። ያ ነው ትልቁ ኪሳራ።

አሁን ብቻችንን ስንሆን እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት የከተማችን የውኃ ታንከር ተመርዟል የሚል የድምፅ መልእክት ዞሮ ነበር። አጎቴ እንስራና ጄሪካን አሰልፈው ወንዝ ሊያስቀዱ ተነሡ።

«ጋሼ፣ ማን ታመመ አሉ?» አልኳቸው።

«ከላይ ሰፈር ሦስት ልጅ ሞቷል።»

«ለቅሶው የት ነው? እንድረስ እንጂ፣ ነውር አይደለም?»

ዝም አሉ። ሦስት ልጅ በሞተበት ከተማ ለቅሶ የት እንደተቀመጡ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ያን ጊዜ ተሰማቸው። አብረን ወጣን። ከላይ ሰፈር የሞተ የለም። ታንከሩ ጋ የተቀመጠው ዘበኛ ጠዋት ክሎሪን መጨመሩን ነገረን፤ ሽታው ጠንከር ስላለ አንዲት ሴት «ምን ጨመሩበት?» ብላ ለጎረቤቷ ተናግራለች። ወሬው ከዚያ ነው የተነሣው። የውኃው ኃላፊዎችም ክሎሪን እንጨምራለን ብለው አስቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ዝም ያለ ቢሮ ለወሬ ቤት ይሠራል፤ ስልክና ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል።

«ለቅሶው የት ነው» የሚለውን ጥያቄ ያዙት። በአገራችን ሞት አይደበቅም። ከሞተ ድንኳን አለ፣ ዕድር አለ፣ የቀበሩ ካህን አሉ።

ደግሞ ስታጣሩ ውጤቱን ወሬው በመጣበት መንገድ መልሱ። በቴሌግራም ከመጣ በዚያው ግሩፕ፦ «ሄደን አየን፣ ክሎሪን ነው፣ የሞተ የለም።» አጭር ይሁን፣ ማንንም አይስደብ። የላከውን ሰው ስም አታንሡ።

ታሪኩን ለምትናገሩ

ይህን ዓይነት ሰው ሕይወት በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያም ሆነ በዩቲዩብ ለመተረክ የምታስቡ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለእናንተ አሟሟቱን ላሳያችሁ።

ኩፐር በ1998 በግብር ስወራና ባንክ በማጭበርበር ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት አልቀርብም አለ። ሚስቱንና ልጆቹን ከአገር አስወጣ። ኮረብታው ላይ ብቻውን ቀረ፤ አንድ እግሩ ሰው ሠራሽ ነበር። የፌዴራል ፖሊሶች ግጭት ፈርተው ሳይነኩት ቆዩ። ከዚያ ወደ ኮረብታው የመጡ የከተማው ነዋሪዎችን በመሣሪያ አስፈራራ ተብሎ ሌላ ማዘዣ ወጣበት። ኖቬምበር 5 ቀን 2001 የአውራጃው ፖሊሶች ሊይዙት ሄዱ። ተኮሰ፤ አንዱን ፖሊስ ጭንቅላቱን መትቶ ክፉኛ አቆሰለው። ሌላው ፖሊስ ተኩሶ ገደለው።

አሁን ይህንን በሁለት መንገድ መናገር ይቻላል። «ከሴፕቴምበር 11 በፊት ትልቅ ጥቃት ይመጣል አለ፣ ጥቃቱ በደረሰ በሁለት ወር ውስጥ ተገደለ» ብትሉ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ የሚሰማው ሰው ግን ውሸት ይዞ ይሄዳል። ማዘዣው፣ ጎረቤቶቹ፣ መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነና የቆሰለው ፖሊስ ወጥተዋላ። ስለዚህ ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ የተዋችሁትን ለብቻው ጻፉና እዩት። የተዋችሁት ነገር ታሪኩን የሚገለብጥ ከሆነ መልሱት።

ሰይጣንም አታድርጉት። በአገሩ ጦርነት ተሰልፏል፣ ብቸኛና ቁጡ ሰው ነበር፣ አድማጮቹ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሰዎች ነበሩ። የሚገርመው አድማጮቹን ሁሉንም ስሙ፣ ሁሉንም አንብቡ፣ ራሳችሁ ያላረጋገጣችሁትን ግን አትመኑ ይላቸው ነበር። ይህ ምክር ግሩም ነው። በራሱ ላይ ቢሠራበት ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጡትንም ጨምሩ። አሜሪካዊውን የሴራ ወሬ አሠራጭ አሌክስ ጆንስን ኩፐር በሕይወት ሳለ ውሸታም እያለ ይነቅፈው ነበር፤ መንገዱን ግን የጠረገለት ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በ2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ሲገደሉ ጆንስ ነገሩ ድራማ ነው፣ የሞተ የለም አለ። ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች በእሱ አድማጮች ለዓመታት ተዋከቡ። በ2022 ኮነቲከት ውስጥ ዳኞች 965 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱበት። ይህን ስትተርኩ ከጆንስ ድምፅ በፊት የወላጆቹን ድምፅ አስቀድሙ።

አጎቴ ደብተሬን አሁን ራሳቸው ይጠይቁኛል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የድምፅ መልእክት አሰሙኝ፤ ስለ ማዳበሪያ ነው፣ ሆን ብለው የተበላሸ ልከውብናል የሚል። መነጽራቸውን አደረጉና «ጻፈው፦ ማን፣ የት፣ መቼ» አሉ። «የት» ላይ ደጀን ይላል። ደጀን አንድ ዘመድ አለን፣ ገበሬ ነው። ማክሰኞ ለገበያ ሲወጣ ይደውልልናል።